ጄኔሬተር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ከአዳማ አንባቢዎች የመጡ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ ወዳጆች። ሰሞኑን ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ጄኔሬተር ነው፣ በተለይ ከአዳማ የጻፋችሁልን በጣም ብዙ ናችሁ፣ ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለናንተ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ረጃጅሞቹን ደግሞ አሳጥሬያቸዋለሁ። ቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፣ ሌላውን ብትዘሉት እንኳን ስለ አገጣጠሙና ስለ ጭሱ የጻፍኩትን ግን አንብቡልኝ፣ እነሱ የሰው ህይወት ጉዳይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኛ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምንኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። መብራት ሲሄድ ቶሎ አይመለስም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ይበላሻል፣ ውሀም አይወጣልንም። ጄኔሬተር ልንገዛ ወስነን ባለቤቴ 2 ኪሎዋት ይበቃናል ይላል፣ ሱቅ ያናገርነው ልጅ ደግሞ ከ5 ኬቪኤ በታች እንዳትገዙ አለን። ያለን እቃ ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ ዋይፋይ፣ አምፖሎች፣ የውሀ ዲናሞ እና የእንጀራ ምጣድ ነው። የቱን እንስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው ዲናሞውና ምጣዱ ላይ ነው፣ ሌላው እቃሽ እኮ ከምትገምቺው በጣም ያነሰ ነው። እስቲ እንደምረው። ኤልኢዲ አምፖል አንዱ 9 ዋት ነው፣ ስምንቱ አንዴ ቢበሩ 72። ቲቪ 80 አካባቢ፣ ዋይፋይ 10፣ ስልኮችና ላፕቶፕ ቻርጅ ሲደረጉ 70 እንበል። ፍሪጅ እየሰራ ባለበት ሰአት 150 ቢሆን ነው። ሁሉም ተደምሮ 400 ዋት እንኳን አይሞላም። ግን ፍሪጅ ሲነሳ ሌላ ነገር ነው፣ ኮምፕረሰሩ ለቅጽበት በሰላሙ ጊዜ ከሚስበው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይስባል፣ ስለዚህ ለዛች ቅጽበት ወደ 1 ሺህ ዋት የሚችል ማሽን ያስፈልግሻል ማለት ነው።

ዲናሞው ላይ ስንመጣ፣ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ከሆነ እየሰራ ከ1 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል፣ ሲነሳ ደግሞ ከ3 ሺህ ያልፋል። ምጣዱ ሲነሳ አይዘልም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 3 ሺህ ተኩል ዋት አካባቢ ሳያቋርጥ ይጎትታል።

አሁን ሱቅ ውስጥ ብዙም የማይወራውን ልንገርሽ። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ ሞቃት ስለሆነች ዝቅተኛ ትመስለናለች እንጂ ለሞተር በቂ ከፍታ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 ከመቶ ገደማ ያጣል፣ እና እዚህ እኛ ጋ ሲደርስ ከ15 እስከ 20 ከመቶ የሚሆነው የለም። ሙቀቱ ሲጨመርበት ደግሞ ትንሽ ይብሳል። ስለዚህ 2 ኪሎዋት የሚል ማሽን እዚህ የሚሰጥሽ 1.6 ወይ 1.7 ነው። ልጁ ያላችሁ 5 ኬቪኤ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ0.8 ተባዝቶ 4 ኪሎዋት ነው የሚሆነው፣ ከሱ ላይ የከፍታውን ቀንሺበት፣ 3.2 ወይ 3.4 ይቀራል፣ ምጣዱ ብቻውን ከዛ በላይ ነው! ምጣድ ይነሳልናል ብላችሁ ያን ሁሉ ብር አውጥታችሁ ምጣዱ ሲሰካ ማሽኑ እያቃሰተ ሲጠፋ ታዩት ነበር ማለት ነው።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ስታዪ ደግሞ ሁለት ቁጥር ታገኛለሽ፣ ትልቁ "ማክስ" የሚለው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚችለው ነው፣ አንቺ የምትይዢው "ሬትድ" የሚለውን ትንሹን ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን ማክሱ ነው፣ ሻጩም የሚጠራልሽ እሱን ነው። ሬትዱን አሳየኝ በዪው።

የኔ ምክር፣ ምጣዱን ከሂሳቡ አውጡት። እንጀራ መብራት ባለ ቀን ጋግሮ ማስቀመጥ ይቻላል፣ በጄኔሬተር ለመጋገር ግን በሰአት ወደ 2 ሊትር ቤንዚን ማቃጠል ነው። ዲናሞውንም ቢሆን ጄኔሬተር ከማሳደግ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሮቶ አስቀምጣችሁ መብራት ሲኖር መሙላት ይሻላል፣ ውሀው በራሱ ይወርድላችኋል፣ ለሱ ብላችሁ ትልቅ ማሽን አትገዙም። እነዚህ ሁለቱ ከወጡ ሬትዱ 2 ኪሎዋት የሆነ ማሽን ፍሪጁንም ሌላውንም ያለ ጭንቀት ይይዛል፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ዲናሞው የግድ ነው ካላችሁ ግን ሬትዱ ቢያንስ 4 ኪሎዋት የሆነ ፈልጉ፣ ዲናሞው ሲነሳም ሌላውን ነቅላችሁ ብቻውን አስነሱት።

ደግሞ እኔ የሰጠሁሽን ቁጥር እንዳለ አትውሰጂ፣ ከፍሪጁ ጀርባ ወይም በሩን ስትከፍቺ ጎን ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች፣ እዛ ላይ ዋቱ ከሌለ አምፒሩ ይኖራል፣ ለምሳሌ 0.9 ኤ የሚል ከሆነ በ220 አባዢው፣ 198 ዋት ይመጣል። በየእቃው እንደዚህ አድርጊና በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ ሱቅ ስትሄዱ ወረቀቷን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ከቦኩ ነው የምጽፍላችሁ። ጄኔሬተር ገዝቻለሁ፣ ሰፈራችን ያለ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ቀላል መንገድ አለ ብሎኝ ሁለቱም ጫፍ ላይ ስፒና ያለው ገመድ ሰራልኝ፣ አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ አንዱን ሳሎን ሶኬት ላይ ስሰካው ቤቱ በሙሉ ይበራል። ቼንጅ ኦቨር የሚባለው ውድ ስለሆነ ይቅርብህ ብሎኛል። ሌላ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ እውነት ነው፣ እባክህ ዛሬውኑ ያን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ቆርጠህ ጣለው። መቆለፍ አልልህም፣ መደበቅም አልልህም፣ ቁረጠው። አንተ በሌለህበት ቀን መብራት ሲጠፋ ልጅህ ወይ የቤት ሰራተኛችሁ አንስተው ይሰኩታል።

ምን እንደሚፈጠር ላስረዳህ። ጄኔሬተሩ በሶኬት በኩል ወደ ቤትህ የሚልከው ኤሌክትሪክ ቤትህ ውስጥ አይቆምም፣ ዋናው ብሬከር ካልጠፋ በቀር በቆጣሪው አልፎ ወደ ፖሉ ይወጣል። ፖሉ ላይ ያለው መስመር ደግሞ ትራንስፎርመር ጋ ይሄዳል። ትራንስፎርመር ከላይ የሚመጣውን 15 ሺህ ቮልት አውርዶ 380 እና 220 አድርጎ ነው ለኛ የሚሰጠን፣ ግን አቅጣጫ አይመርጥም፣ ከታች 220 ብትሰጠው ወደ ላይ 15 ሺህ አድርጎ ያወጣዋል። እዛ ላይ መብራቱን ሊጠግን የወጣ ሰው አለ፣ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ፣ ገመዱን በእጁ ይዞ። ያንተ 2 ኪሎዋት ማሽን ሰፈሩን ማብራት አይችልም ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ጭነት ሲመጣበት ቀጥ ይላል፣ ነገር ግን መስመሩ ካንተ ቤት አጠገብ ተበጥሶ ከሆነ የሚጫነው ነገር ስለሌለ ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ይቆማል፣ ሰውየው የሚሰራው ደግሞ እዛው የተበጠሰው ጋ ነው። የተበጠሰው ገመድ መንገድ ላይ ወድቆ ህጻን ልጅ ቢነካውስ?

ዋናውን ብሬከር አጠፋለሁ እኮ የሚል መልስ እንዳለህ አውቃለሁ፣ ብዙ ሰው ይለኛል። ለሊት ነው፣ ጨለማ ነው፣ ልጅ እያለቀሰ ነው፣ ቸኩለሃል፣ አንድ ቀን ትረሳዋለህ። የሰው ህይወት በማስታወስ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ለራስህም ቢሆን፣ ገመዱ አንድ ጫፍ ጄኔሬተር ላይ ተሰክቶ ሌላው ጫፍ በአየር ላይ እያለ እነዛ ሁለት የብረት ጥርሶች ላይ 220 ቮልት አለ፣ ያለ ምንም ሽፋን፣ በእጅህ ይዘሃቸው። መብራት ድንገት ሲመለስ ደግሞ ሁለቱ ምንጮች ይጋጫሉ፣ ጄኔሬተሩ ቢቃጠል እድለኛ ነህ፣ ቤቱም ሊቃጠል ይችላል።

ቼንጅ ኦቨር ማለት በጣም ቀላል እቃ ነው፣ እጀታ ያለው ማብሪያ ነው፣ ወደ አንድ ጎን ስታደርገው ቤቱ ከመብራት ሀይል ይገናኛል፣ መሀል ላይ ዜሮ ነው፣ ወደ ሌላው ጎን ከጄኔሬተሩ። ሁለቱ በፍጹም አንድ ላይ መገናኘት አይችሉም፣ አሰራሩ ራሱ አይፈቅድም፣ ጥቅሙ ያ ነው። ለተራ ቤት ፌዙንም (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ገመድ) ኒውትራሉንም (የሚመልሰውን ገመድ) አብሮ የሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል ይሁን፣ ቤትህ ሶስት ፌዝ ከሆነ ባለ አራት ፖል። የሚገባው ከቆጣሪው በኋላ ነው፣ የቆጣሪውን ማሸጊያ ማንም እንዳይነካብህ። አምፒሩ ከዋናው ብሬከርህ ያላነሰ ይሁን። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ካገኘህ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቦርድ አስጨምር፣ አምፖል፣ ፍሪጅ፣ ሳሎን ሶኬት ብቻ ወደዛች ቦርድ ይዙሩና ቼንጅ ኦቨሩ እሷን ብቻ ይያዝ፣ ያኔ ምጣድና ቦይለር በስህተት ጄኔሬተሩ ላይ አይወድቁም። ኤርዙንም ሳይለካልህ እንዳይሄድ፣ አብዛኛው ቤት ኤርዝ አለው ይባላል እንጂ ብረቱ ከመሬት ጋር ተገናኝቶ ይሁን አይሁን ያየው ሰው የለም።

ብሩን አሁን ካጣህ ችግር የለውም፣ እስከዛ ፍሪጁንና ቲቪውን ከሶኬት ንቀልና ወፈር ባለ ኤክስቴንሽን፣ ቢያንስ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገመድ በሆነ፣ ቀጥታ ጄኔሬተሩ ላይ ሰካቸው። ቤቱ በሙሉ አይበራም ግን ማንም አይሞትም። ገመዱን ተጠቅልሎ እያለ እንዳትጠቀመው፣ ይሞቅና ይቀልጣል፣ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው።

ጥያቄ፦ መልካ አዳማ ሱቅ አለኝ፣ ከጀርባው እንተኛለን። ጄኔሬተር ውጭ ካስቀመጥኩት ይሰረቃል፣ ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ አድርጌ የጓሮውን በር እከፍተዋለሁ። ጭሱ ብዙም አይታይም። ባለቤቴ ራሷን ያማታል፣ ከጫጫታው ነው ትላለች።

መልስ፦ ወንድሜ ይሄንን ስታነብ ማሽኑ እየሰራ ከሆነ ተነስና አጥፋው፣ ሁላችሁም ውጡ፣ ከዛ ተመልሰህ ታነባለህ።

ባለቤትህን የሚያማት ጫጫታው ላይሆን ይችላል። ከጄኔሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይንም አያቃጥልም። ጭሱ ብዙም አይታይም ያልከው ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ፣ የሚታየው ጭስ እኮ አይደለም የሚገድለው። ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ሁላችንም ሰምተናል፣ ያው ጋዝ ነው፣ ጄኔሬተር ደግሞ ከከሰል ምድጃ በጣም በጣም የበለጠ ያወጣል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይመጣል፣ ሰው ጉንፋን ወይ ርሀብ መስሎት ትንሽ ጋደም ልበል ይላል፣ ከዛ አይነሳም። ቤት ውስጥ ሁለት ሶስት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው እና ውጭ ሲወጡ ቀለል ካላቸው በዛው ጠርጥሩ፣ ሰው ከወደቀ ወይም ግራ ከተጋባ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል፣ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ነበረ ብላችሁም ለሀኪሙ ንገሩ፣ ካልነገራችሁት በሌላ በሽታ ሊያክማችሁ ይችላል።

በር መክፈት አይበቃም፣ መስኮት መክፈትም አይበቃም፣ ቬንቲሌተርም አያድንም። ማሽኑ ውጭ ይሁን፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ማርሚታው ፊቱን ከቤት አዙሮ። የጎረቤትህ መስኮትም መስኮት ነው፣ ወደሱ እንዳታዞረው። ንፋስ ደግሞ አቅጣጫ ይቀያይራል፣ ጠዋት ጥሩ የነበረው ቦታ ማታ ጭሱን ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል፣ ስለዚህ ርቀቱ ላይ አትሰስት።

ለሌባው፣ ጓሮ ላይ ትንሽ ሲሚንቶ አስፈስስና ከውስጡ ወፍራም የብረት ቀለበት አስቀብር፣ የማሽኑን ፍሬም በሰንሰለት እሱ ላይ ቆልፈው። ከላይ ቆርቆሮ አድርግለት ለዝናብ፣ ጎኖቹን ግን በፍርግርግ ብረት ብቻ አሳጥረው፣ በቆርቆሮ ከደፈንከው ሞተሩ ታፍኖ ይግላል። ጓሮህ 6 ሜትር የማይሞላ ከሆነ ደግሞ ግልጹን ልንገርህ፣ ያንተ ቤት ጄኔሬተር የሚሆን ቤት አይደለም፣ ሽጠውና ቀጥሎ ለኮንዶሚኒየሙ ልጅ የምመልሰውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ከቤት ነው የምሰራው። በረንዳ ላይ ትንሽ ጄኔሬተር ባስቀምጥ ምን ትላለህ?

መልስ፦ አይሆንም። በረንዳው የቤትህ አካል ነው፣ ጭሱም ላንተና ከላይ ላለው ጎረቤት ነው የሚገባው፣ ድምጹም ህንጻውን ሁሉ ያስነሳል፣ ቤንዚን ይዘህ ደረጃ መውጣትም ሌላ ጣጣ ነው። ላንተ የሚሆነው ባትሪና ኢንቨርተር ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰአት ባትሪ 1,200 ዋት ሰአት ይይዛል። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ ከዛ በታች እያወረድክ ከተጠቀምክ ቶሎ ይሞትብሃል፣ ስለዚህ 600። ሊቲየሙ ላይ ግን ከ80 ከመቶ በላይ መጠቀም ይቻላል፣ ዋጋው ይከብዳል ግን ብዙ አመት ስለሚቆይ ለሚችል ሰው እሱን ነው የምመክረው። ላፕቶፕ 60፣ ዋይፋይ 10፣ ሶስት አምፖል 27፣ አንድ ላይ ወደ 100 ዋት ነው፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላውን ጨምረህ በአሲዱ ባትሪ 5 ሰአት አካባቢ ትሰራለህ። ኢንቨርተሩ ቻርጀር ያለው ከሆነ መብራት ሲመጣ ባትሪው በራሱ ይሞላል። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ግን መኝታ ክፍል አታስገባው፣ አየር ያለበት ቦታ ላይ ይሁን። ኢንቨርተር ስትገዛ "ፒዩር ሳይን ዌቭ" የሚለውን ምረጥ፣ ርካሹ ፍሪጅና ፋን ላይ ያጉረመርማል፣ ያሞቃቸዋልም።

ጣራ ላይ መብት ካላችሁና ጎረቤቶችህ ከተስማሙ ሶላር ፓነል ማውጣት ነው፣ በአዳማ ፀሀይ ይሄን አለማሰብ ያሳዝናል የምር።

ጥያቄ፦ እናቴ ኢንሱሊን ነው የምትወስደው፣ ገንደ ሃራ ነን። መብራት ሙሉ ቀን ሲጠፋ መድሀኒቱ ይበላሻል ብለን እንጨነቃለን። ለዚህ ብቻ ጄኔሬተር እንግዛ?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ለዚህ ብቻ ከሆነ አትግዙ፣ ያ ብር ለእናትሽ ለሌላ ነገር ይሆናል። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ፍሪጅ ደግሞ በሩ ካልተከፈተ ወደ 4 ሰአት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሀ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙ፣ መብራት ሲጠፋ መድሀኒቱን ከጠርሙሶቹ ጋር አይስ ቦክስ ውስጥ አስገቡት፣ መሀላቸው ግን ፎጣ ይኑር፣ በረዶው እንዳይነካው፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሰራም፣ ይጣላል።

አሁን እየተጠቀመችበት ያለው ጠርሙስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፍሪጅ የግድ አያስፈልገውም፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ የእናትሽን አይነት ግን ፋርማሲስቱን ጠይቂ፣ ወረቀቱም ላይ አለ። አዳማ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ30 ስለሚያልፍ የሸክላውን ዘዴ ተጠቀሙ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ማሰሮ ግዙ፣ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጡና መሀላቸውን በአሸዋ ሙሉት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሀ አጠጡት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑና ጥላና ንፋስ ያለበት ቦታ አድርጉት፣ መድሀኒቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ይቀመጣል። ውሀው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ደረቅና ነፋሻ አየር ላይ ነው በደንብ የሚሰራው፣ አዳማ ለዚህ ምቹ ናት። እንደ ፍሪጅ አያቀዘቅዝም፣ ላልተከፈተው አይሆንም፣ ለተጀመረው ግን ይበቃል።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቲቪዬ ተቃጠለ፣ የጎረቤቴም ፍሪጅ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ መብራት ሲመለስ በሰፈሩ ያለው ፍሪጅና ዲናሞ ሁሉ አንዴ ስለሚነሳ ቮልቱ ወርዶ ይዋዥቃል። ሌላውና የከፋው ኒውትራል ሲበጠስ ነው፣ ያኔ አንዳንዱ ቤት 220 መሆኑ ይቀርና ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ አምፖሎች ከመጠን በላይ ሲደምቁ ወይም አንዱ ክፍል ደምቆ ሌላው ሲደበዝዝ ካያችሁ ዋናውን ብሬከር ወዲያው አውርዱና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውሉ። መብራት ሲጠፋ ቲቪና ፍሪጅ ንቀሉ፣ ሲመለስ አንድ አምፖል ብቻ አብርታችሁ 5 ደቂቃ ያህል እዩት፣ ፍሪጅ ከዛ በኋላ ይሰካ። እየነቀሉ መሰካት ለሚሰለቸው ቮልት ሲበዛም ሲያንስም የሚቆርጥና አዘግይቶ የሚለቅ መከላከያ ገበያ ላይ አለ፣ ከተቃጠለ ኮምፕረሰር በጣም ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ከከተማችን ወጣ ብሎ ያ ሁሉ የንፋስ ማመንጫ እየዞረ እኛ ለምን ጨለማ ውስጥ እንቀመጣለን?

መልስ፦ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው ይሄ ቁጭት አለበት። አዳማ 1 በ34 ተርባይን 51 ሜጋዋት፣ አዳማ 2 ደግሞ በ102 ተርባይን 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ነው የተሰሩት፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው በ2015 ነው ስራ የጀመሩት። ግን ሀይሉ ቀጥታ ወደ ሰፈራችን አይመጣም፣ በከፍተኛ መስመር ወደ አገር አቀፉ መረብ ይገባና ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ በሰብስቴሽን በኩል ነው የሚከፋፈለው። ያንተ ቤት የሚጨልመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሀይል ጠፍቶ ሳይሆን ሰፈር ላይ ያለው ትራንስፎርመር ስለተጫነበት፣ ገመድ በንፋስ ስለተበጠሰ፣ ፖል ስለወደቀ ነው። እዛ ሲዞር የምታየው ተርባይን እዚህ የተበጠሰን ገመድ አይቀጥልም።

ጥያቄ፦ አምና የገዛነው የቤንዚን ጄኔሬተር ለወራት ሳንነካው ቆይቶ አሁን አልነሳ አለ። ጡረተኛ ነኝ፣ ገመዱን መሳብም ከበደኝ። ቤንዚንስ ከየት እየቀዳን እናስቀምጥ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥፋቱ የቆየው ቤንዚን ሳይሆን አይቀርም። ቤንዚን ተቀምጦ አንድ ሁለት ወር ሲያልፈው ቀላሉ ክፍል ይተንና የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል፣ ያ ደግሞ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የድሮውን ያስቀዱት፣ ካርቡሬተሩ ይታጠብ፣ ካንዴላው ወጥቶ ይጽዳ፣ አየር ፊልትሮውንም ይዩት፣ የአዳማ አቧራ እሱን በቶሎ ነው የሚሞላው። አብዛኛው ማሽን በዚህ ይነሳል።

ከዚህ በኋላ በወር አንዴ ያስነሱት፣ ባዶውን ሳይሆን ፍሪጅና አምፖል ጭነውበት፣ 20 ደቂቃ ያህል። ሊያጠፉት ሲሉ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተው በራሱ እስኪጠፋ ይተዉት፣ ያኔ ካርቡሬተሩ ውስጥ ምንም አይቀርም። ዘይቱ ትንሽ ነው የሚይዘው፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ማሽኖች ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጡም፣ ስለዚህ ቶሎ ይቆሽሻል፣ አዲስ ማሽን ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰአታት በኋላ ይቀየርለት፣ ከዛ በየ100 ሰአቱ ወይም በየስድስት ወሩ። ዘይት ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያላቸውም አሉ፣ ቤንዚን ሞልቶ አልነሳ ካለዎት መጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ አውጥተው ይዩ፣ ማሽኑም ወለሉ ላይ ያዘነበለ እንዳይሆን፣ ማዘንበሉ ብቻ መቆጣጠሪያውን ያሳስተዋል።

ቤንዚኑን በተመለከተ ማደያ ጀሪካን ይዘው ሲሄዱ ዝም ብለው አይቀዱልዎትም፣ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ቀድመው ወረዳዎ ወይም ንግድ ጽህፈት ቤት ሄደው ምን ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ፣ ከመንገድ ላይ በሀይላንድ የሚሸጠውን ግን አይግዙ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ቤት ውስጥ ብዙ አያከማቹ፣ ያለውንም ከኩሽናና ከሚተኙበት ራቅ ያለ ጥላ ቦታ ላይ፣ ክዳኑ የሚገጥም እቃ ውስጥ። ማሽኑ እየሰራ ወይም ገና እንደጠፋ እንዳይሞሉት፣ ማርሚታው ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ወዲያው ይያያዛል፣ 15 ደቂቃ ይቀዝቀዝ። የሚሳበው ገመድ ከከበደዎት ደግሞ በቁልፍ የሚነሳ ባለ ባትሪ አይነት አለ፣ ልጆችዎ ሊቀይሩልዎት ካሰቡ እሱን ይጠይቁ፣ ባትሪው ግን በወር አንዴ ካልተነሳ እሱም ይሞታል።